ለሜይንፍሬም ሊኑክስ የዲስክ ዋጋ ሲወዳደር የሚሠሩ ስህተቶች

ሜይንፍሬም በሚባለው ትልቅ የድርጅት ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ሊኑክስ ዲስክ ሲገዛ፣ የማወዳደሪያው ሠንጠረዥ በአንድ በኩል ኢሲኬዲ (የሜይንፍሬም የራሱ፣ በሲሊንደርና በትራክ የሚከፋፈል ዲስክ)፣ በሌላው ኤፍሲፒ (በፋይበር ቻናል የሚያያዝ የስካዚ ዲስክ)፣ ከሥር ደግሞ የአንድ ጊጋባይት ዋጋ ይዞ ይቀርባል። ችግሩ የሁለቱ ጊጋባይት አንድ አለመሆኑ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የዲስኩን ሙሉ መጠን እንዳለ መውሰድ ነው፤ እስኪሰለች ይደጋገማል። 3390 ሞዴል 9 የሚባለው የኢሲኬዲ ዲስክ 10,017 ሲሊንደር አለው። በሲሊንደር 15 ትራክ፣ በትራክ 56,664 ባይት ሲታሰብ 8.51 ጊጋባይት ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ይዞ ይሮጣል። ሊኑክስ ግን በብሎክ፣ ማለትም እኩል መጠን ባላቸው ቁራጮች ነው የሚጽፈው። በ4,096 ባይት ብሎክ ፎርማት ሲደረግ አንድ ትራክ የሚይዘው 12 ብሎክ፣ ማለትም 49,152 ባይት ብቻ ነው። እጅ ላይ የሚቀረው 7.385 ጊጋባይት ነው፤ 13 ከመቶ ያህሉ ፋይል ሲስተም እንኳ ሳይፈጠር ሄዷል። ለ1 ቴራባይት 118 ዲስክ ይበቃል ብሎ ያዘዘ ሰው 136 ያስፈልገዋል። በ512 ባይት ብሎክ ፎርማት ያደረገውማ ወዮለት! በትራክ 49 ብሎክ፣ በዲስክ 3.77 ጊጋባይት ነው የሚያገኘው። ኤፍሲፒ ሉን (በኤፍሲፒ የሚያያዝ አንድ ዲስክ) ላይ ይህ ብክነት የለም። ስለዚህ ዋጋው በዲስኩ ሙሉ መጠን ከተሰላ፣ የኢሲኬዲውን የጊጋባይት ዋጋ መጀመሪያ በ1.153 አባዙ።

ጊጋባይቱ በ1,000 ይባዛ በ1,024 ሻጩን ጠይቁ፤ በቴራባይት ደረጃ ልዩነቱ 10 ከመቶ ይጠጋል።

ኤፍሲፒን «ርካሽ» ብሎ መዝጋትም አያዋጣም። አንድ ወደብ በአንድ ጊዜ ወይ ፊኮን (ኢሲኬዲ የሚያያዝበት) ወይ ኤፍሲፒ ነው እንጂ ሁለቱንም አይሆንም፤ የወደቡና የስዊቹ ወጪ ይታሰብ። ኢሲኬዲ ላይ ከማሽኑ ወደ ዲስኩ የሚወስድ አንድ መንገድ ሲቋረጥ ወደ ሌላው የሚያዞረው የማሽኑ ቻናል ሲስተም ነው። ኤፍሲፒ ላይ ግን በእያንዳንዱ ሊኑክስ ውስጥ መልቲፓዝ (ወደ አንድ ዲስክ የሚወስዱትን መንገዶች አንድ ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ማዋቀር ግድ ነው፤ ያ ደግሞ የሰው ሰዓት ይበላል። በነገራችን ላይ በ4 መንገድ የተያያዘ አንድ ሉን 4 ዲስክ ሆኖ ይታያል፤ ደምራችሁ 4 እጥፍ አቅም አለን እንዳትሉ።

ፍጥነትን ከዋጋ መነጠል ሌላው ነው። ፓቭ (ወደ አንድ ዲስክ ብዙ ጥያቄ በአንዴ የሚያስኬድ ዘዴ) የሌለው የኢሲኬዲ ዲስክ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ የማንበብ ወይም የመጻፍ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሌላው ይሰለፋል። የተሻሻለው ፓቭ፣ ሃይፐርፓቭ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ዋጋው ከኢሲኬዲው ጋር ይደመር።

ዚ/ቪኤም (በአንድ ሜይንፍሬም ላይ ብዙ ሊኑክስ የሚያሠራ ሶፍትዌር) ላይ ደግሞ ስዋፕን (ማህደረ ትውስታ ሲጠብ ሊኑክስ የሚጠቀምበትን የዲስክ ቦታ) ወደ ቪዲስክ፣ ማለትም ወደ ምናባዊ ዲስክ፣ ማዛወር ወጪ ቀነሰ ማለት አይደለም። ቪዲስክ የሚቀመጠው ማህደረ ትውስታ ውስጥ ነው፤ ሂሳቡ ከዲስክ ዓምድ ወጥቶ ወደዚያ ይገባል።