ፊሊፒንስ ላሉ ችግረኞች ልብስ መላክ የምትፈልጉ፣ ካርጎ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት

ሰላም እህቶቼ ወንድሞቼ። አረብ አገር ያለን ሀበሾች ከፊሊፒኖ ጋር ያልኖረ የለንም ማለት ይቻላል፣ የውበት ሳሎን አብረን ነው የምንሰራው፣ ሆቴል አብረን ነው አልጋ የምናነጥፈው፣ ማታም ቤድ ስፔስ (አልጋ ብቻ የሚከራይበት የጋራ ክፍል) ላይ አንድ ክፍል ነን። እና ብዙ ልጅ "ቁምሳጥኔ በማልለብሰው ልብስ ሞልቷል፣ እነሱ አገር ለተቸገረ ሰው ልላከው፣ እንዴት ነው የሚላከው?" እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ዱባይ ሳትዋ ዘጠኝ አመት ከነሱ ጋር ስለኖርኩ ሲያሽጉም አይቻለሁ እቃቸው ቀርቶባቸው ሲያለቅሱም አይቻለሁ፣ ስለዚ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ባሊክባያን ቦክስ የሚባለውን፣ ፊሊፒኖዎች ለቤተሰብ እቃ ሞልተው የሚልኩትን ትልቅ ካርቶን፣ መቼም ሰምታችኋል፣ ባሊክ መመለስ ነው፣ ባያን አገር። ክፍላችን ጥግ ላይ ሁሌ አፉን የከፈተ ትልቅ ካርቶን አለ፣ ደሞዝ በገባ ቁጥር ሳሙና፣ የቆርቆሮ ስጋ፣ ፎጣ፣ የልጅ ጫማ እያለ ቀስ በቀስ ይሞላል፣ ሶስት አራት ወር ይፈጃል። በባህር የሚሄደው ቦክስ ሂሳቡ በካርቶኑ መጠን እንጂ በኪሎ ስላልሆነ ክፍተት ማስተረፍ ኪሳራ ነው፣ በየቀዳዳው ልብስ ይጠቀጠቅበታል። የናንተም ልብስ ቦታው እዛ ነው፣ የጓደኛችሁ ቦክስ ውስጥ።

ለምን በራሴ ስም አልክም ትሉ ይሆናል። የፊሊፒንስ የጉምሩክ ህግ (አክት 10863፣ የ2016) ቦክሱን ከቀረጥ ነፃ ያደረገው ውጭ ላለ ፊሊፒናዊ ነው፣ ያውም ለቤተሰቡና ለዘመዱ ሲልክ። በአመት እስከ ሶስት ጊዜ፣ ተደምሮ ከ150,000 ፔሶ ያልበለጠ፣ ለንግድ የሚሆን ብዛት የሌለው። ሀበሻ በሀበሻ ፓስፖርት ሄዶ "ለድሆች ነው" ቢል ያ መብት አይመለከተውም። ቦክሱ ላይ ተቀባይ ተብሎ የሚፃፈውም የፊሊፒኖ ጓደኛችሁ እናት ወይ እህት ወይ የአጎት ልጅ ነው እንጂ ሰፈሩ ወይ ቤተክርስቲያኑ አይደለም። ለጎረቤት ማካፈሉ ከዛ በኋላ የቤተሰቡ ስራ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ህግ አለ። ፊሊፒንስ ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት ከ1966 ጀምሮ ክልክል ነው፣ አክት 4653 ይባላል፣ ምክንያቱም ርእሱ ላይ ተፅፏል፣ የህዝቡን ጤና ለመጠበቅና የአገሪቱን ክብር ለማስጠበቅ ይላል። ክብር የሚለው ቃል እኔን በጣም ነው ያስገረመኝ። እንደዛም ሆኖ አገሩ በሰልባጅ የተሞላ ነው፣ ኡካይ ኡካይ ይሉታል፣ መበርበር መቆፈር ከሚለው ቃላቸው የመጣ ነው፣ ልክ እኛ ሰልባጅ ተራ ክምር ውስጥ እጃችንን እንደምንሰደው ማለት ነው። እና እናንተ ሀያ ጂንስ ሰላሳ ቲሸርት በአንድ አይነት አጥፋችሁ ብትጠቀጥቁ በራጅ ሲታይ ቦንዳ ነው የሚመስለው፣ ጣጣው ደግሞ በጓደኛችሁ ስም ነው የሚመጣው። ቀላቅሉት፣ ከሌላ እቃ ጋር ይሁን፣ በልክ ይሁን።

ኤሚሬትስ ያላችሁ ደግሞ ይሄንን ልብ በሉ። "ልብስ ያላችሁ አምጡ እንሰብስብ" ብሎ በየግሩፑ መለጠፍ እዚህ አገር ወንጀል ነው፣ የ2021 የፌዴራል ህግ ቁጥር 3 ግለሰብ እርዳታ እንዳይሰበስብ ይከለክላል፣ ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው የሚሰበስበው። እኛ አንድ ጊዜ ከማህበራችን ሴቶች ጋር ልናደርገው ነበር፣ ማስታወቂያው ሁሉ ተፅፎ አልቆ አንዷ ፒአር ክፍል የምትሰራ ልጅ ጮሃ አስቆመችን። የራሳችሁን ልብስ ለክፍል ጓደኛችሁ መስጠት ሌላ ነገር ነው፣ በቃ እዛ ላይ አቁሙ።

አሁን ወደ ልብሱ። ከሁሉ በፊት ጠይቁ። ክፍላችን ውስጥ ትልቋን አቴ ነበር የምንላት፣ አቴ ታላቅ እህት ማለት ነው በነሱ፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። አገሯ ምስራቅ ሳማር ነው፣ ጊዋን አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ህዳር 8 ቀን 2013 ዮላንዳ የሚሉት ማእበል መጀመሪያ የመታው ቦታ። ያኔ ከ6,000 ሰው በላይ ነው የሞተው። ከዛ ወዲህ ሰው ሁሉ ልብስ ሊሰጣት ይመጣል፣ እሷም እምቢ ማለት አትችልም፣ ይሉኝታ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ እነሱም ሂያ የሚሉት አላቸው። ሰው ከሄደ በኋላ ግን ቁጭ ብላ ትለያለች፣ የሱፍ ካፖርት፣ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ ዚፑ የተበላሸ የሰርግ ቀሚስ። እስቲ ንገሩኝ፣ የዝናብ ውሃ ቤቱ የገባበት ሰው በሰርግ ቀሚስ ምን ያደርጋል?

አገሩ ሞቃት ነው፣ ወበቅ ነው፣ ዝናብ ነው። የሚለበሰው ቀጭን ጥጥ ነው፣ ቲሸርት፣ ቁምጣ፣ የልጆች ልብስ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ የሚለብሱት ሰፊ ስስ ቀሚስ አለ ዳስተር የሚሉት፣ እሱን እናቶች በጣም ይወዱታል። ሲሊፐር በየትኛውም ቁጥር ቢሆን ሰው አያጣም። ፎጣና አንሶላ ከልብስ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። ወፍራም ነገር የሚፈለገው እንደ ባጊዮ ላሉ ተራራ ላይ ላሉ ከተሞች ነው፣ ባጊዮ 1,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጃኬት ይለበሳል። ቁጥር ደግሞ አትርሱ፣ ብዙዎቹ ቀጠን አጠር ያሉ ናቸው፣ የኛ ወንዶች ኤክስኤል ሸሚዝ እዛ ድንኳን ነው። የውስጥ ልብስና ካልሲ አዲስ ካልሆነ አትስጡ፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። እኔ የምለካው እንዲህ ነው፣ ለገዛ እህቴ ሳላፍር የምሰጣት ልብስ ከሆነ ይገባል፣ ካልሆነ ወለል መወልወያ ይሁን። አንድ ጊዜ ግን ተሳስቻለሁ፣ አንዲት ልጅ ጋቢ ስታመጣ ሳቅኩባት፣ የአቴ እናት ግን ማእበል በመጣ ቁጥር ያቺን ጋቢ ነው የሚከናነቡት አሉ።

አስተሻሸጉ ላይ ብዙ አላወራም። ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ ትንሽ እርጥበት ያለው ልብስ አንድ ሁለት ወር ኮንቴይነር ውስጥ ሲቀቀል ሻጋታው ሌላውንም ያጠፋል። በላስቲክ ጠቅልሉ፣ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ለየብቻ ስም ፃፉበት፣ ኪስ ፈትሹ፣ ብርና ወርቅ ልብስ ውስጥ ደብቃችሁ እንዳትልኩ። የእቃውን ዝርዝር በትክክል ለጓደኛችሁ ስጧት፣ ካርጎው ከፓስፖርት ኮፒዋ ጋር ይጠይቃታል፣ በስሟ የፈረመችው እሷ ናት።

ዋናው ራስ ምታት ካርጎው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከባህረ ሰላጤው አገሮች የሄዱ ብዙ ቦክሶች ማኒላ ወደብ ላይ ተጥለው ቀርተው ነበር፣ እዚህ ገንዘብ የተቀበለው ኤጀንት እዛ ለሚያወጣው ድርጅት ሳይከፍል ይቀርና ኮንቴይነሩ ባለቤት አልባ ይሆናል። የኛም አንድ ቦክስ እንዲህ ሆኖ ስምንት ወር ቀርቷል፣ ደረሰኝ በእጃችን፣ ቢሮው ግን ተዘግቶ። ያንን ቢሮ የመረጥነው ከሌላው በ50 ድርሃም ስለረከሰ ነበር፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ስለዚ ጓደኛችሁ ከመክፈሏ በፊት አንድ ጥያቄ ትጠይቅ፣ "ማኒላ ላይ እቃውን የሚያወጣላችሁ ማነው?" ስሙን ከነገሯት የፊሊፒንስ ንግድ ሚኒስቴር፣ ዲቲአይ የሚሉት፣ እውቅና የሰጣቸውን የባህር ካርጎ ድርጅቶች ዝርዝር ያወጣል፣ እዛ ላይ ትፈልገው። ስሙን መናገር ካልፈለጉ ቦክሱን ይዞ መመለስ ነው።

ጊዜውንም አስቡት። ማኒላ ደረሰ ማለት ቤት ደረሰ ማለት አይደለም፣ ወደ ሳማር የሚሄድ ከሆነ በመኪና እስከ ማትኖግ፣ ከዛ በጀልባ አለን ወደምትባለው የሳማር ወደብ ተሻግሮ ነው፣ ማእበል ካለ ጀልባው ይቆማል መኪናው ተሰልፎ ያድራል። ገናን ደግሞ ከሴፕቴምበር ጀምረው ነው የሚያከብሩት፣ ሁሉም ሰው ለዛ ስለሚልክ ወደቡ ይጨናነቃል። ለገና እንዲደርስ የምትፈልጉ ኦገስት ላይ አስወጡት።

ብዙ ልብስ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ሱቅ የዘጋ ሰው፣ በቦክስ አትሞክሩት። የጉምሩክ ህጉ ሌላ በር አለው፣ ለትርፍ ያልቆመ የተመዘገበ የእርዳታ ድርጅት ለችግረኛ በነፃ የሚያከፋፍለው ከሆነ የማህበራዊ ደህንነት መስሪያ ቤታቸው፣ ዲኤስደብልዩዲ የሚባለው፣ ማረጋገጫ ሲሰጥ ከቀረጥ ነፃ ይገባል። ግን ወረቀቱን ድርጅቱ አስቀድሞ ሳይጨርስ አንድ ካርቶን እንኳን እንዳትጭኑ፣ ወደብ ላይ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥርባችኋል። ፊሊፒኖ ጓደኛ የሌላችሁ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለካርጎ የምትከፍሉትን ብር በሀዋላ ላኩት፣ እዛው ኡካይ ኡካይ ላይ በልኩ በምርጫው ይገዛበታል።

ቦክሱ ከደረሰ በኋላ ሰው አሰልፋችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን አትበሉ፣ በናታችሁ። የአቴ እናት ልብሱን አጥበው አጥራቸው ላይ ያሰጡታል፣ ጎረቤት በዛ ሲያልፍ "ይሄ ላንቺ ልጅ አይሆንም?" ይላሉ፣ እሷም ቆም ብላ ታየዋለች፣ ማታ የተሰጣው ግማሽ ይሆናል።