ቡገንቪላን ስንተክልና ስንንከባከብ የምንሠራቸው ስህተቶች

በኮምቦልቻ በየግቢው አጥር ላይ የተንዠረገገውን ቡገንቪላ የሚያይ ሰው ሁሉ ያን ደማቅ ቀለም አበባ ብሎ ይጠራዋል፤ የመጀመሪያው ስህተትም ይኸው ነው። አንዱን ዘለላ ቀረብ አድርገው ቢመለከቱት እንደ ወረቀት የሳሱ፣ የደም ሥር የመሰለ መስመራቸው ጎልቶ የሚታይ ሦስት ቀለማም ቅጠሎች ያገኛሉ፤ በእያንዳንዱ ቅጠል መሐል ላይ ቀጭን ቱቦ የመሰለች፣ አናቷ ነጣ ያለ አንዲት አበባ ተጣብቃለች። እውነተኛዋ አበባ እሷ ናት። እሷ ከጠወለገች በኋላም ቅጠሎቹ ቀለማቸውን ይዘው ስለሚቆዩ ግቢው ለሳምንታት እንዳማረ ይሰነብታል።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውኃና ማዳበሪያ ማብዛት ነው። ተክሉ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ በፈረንጆች 1767 በሪዮ ዴ ጄኔሮ አካባቢ በፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፊሊቤር ኮሜርሶን የተሰበሰበና አብሮት በተጓዘው የባሕር ጉዞ መሪ በቡገንቪል ስም የተጠራ ሲሆን፣ ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቅን በደንብ ይቋቋማል። እኔ አንድ ዓመት ያብባል ብዬ ፍግና ዩሪያ ደራርቤ ሳጠጣው ከረምሁ፤ ሐረጉ አጥሩን አልፎ ረዘመ፣ ቅጠሉም ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፣ ቀለም ግን አልታየበትም። በፍግና በዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን የበዛበት ቡገንቪላ ጉልበቱን ለአረንጓዴ ቅጠል ያውለዋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ይበቃዋል፤ በበጋም የላይኛው አፈር ሳይደርቅ አያጠጡት፤ ውኃ በሚያቁር ቦታ ሥሩ ይበሰብሳል።

ጥላ ሥር መትከልም እንዲሁ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ያተርፋል፤ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልገዋል።

ግድግዳውን ራሱ ይወጣል ብሎ መተውም ስህተት ነው። ቡገንቪላ እንደ ወይን የሚጠመጠም ጅማት የለውም፤ በእሾሁ እየተደገፈ ብቻ ስለሚያድግ በገመድ ላላ አድርጎ ማሰር ይገባል። ቀለሙ የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ በመሆኑም መገረዝ ያለበት አንዱ ዙር አብቦ ካበቃ በኋላ እንጂ እንቡጥ ሲጀምር አይደለም።

ደሴ ያሉ ዘመዶቻችን ከኮምቦልቻ ችግኝ ወስደው «ለምን እንደናንተው አላማረም?» ይሉናል። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ ቢቀራረቡም ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ብርዱና ውርጩ ለጋውን ቀንበጥ ይጎዳዋል። ስለዚህ ፀሐይ የሚያሞቀው፣ ከነፋስ የተከለለ ግድግዳ ሥር ይትከሉት። ሲተክሉም የችግኙን ፕላስቲክ በምላጭ ሰንጥቀው በቀስታ ያውጡት፤ ሥሮቹ ቀጫጭንና በቀላሉ የሚበጠሱ ስለሆኑ አፈሩን ሳያራግፉ ከነጓሉ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጡት።