«ተወው አባዬ፣ እኔ ላድርገው»፦ ታማሚ ወደ ማገገሚያ ክፍል ሲዛወር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አባቴን ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል በተኛ በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሙ «ወደ ማገገሚያ ክፍል ይዛወራል» አለን። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እሰይ፣ ዳነ!» አለ። ሌላው «ተስፋ ቢቆርጡ ነው» ብሎ አለቀሰ። ሁለቱም ወገን ተሳስቶ ነበር። እዚያ ክፍል የሚገባው ከከፋው አደጋ የወጣ፣ ግን ለመነሳት፣ ለመልበስ፣ ለመናገር ወይም ለመዋጥ ገና እገዛ የሚፈልግ ሰው ነው። ዋናው ልፋት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ተኝቶ የሚታከም መስሎን ማሸግ

እኛ ፒጃማና ነጠላ ጫማ ይዘን ሄድን። ፊዚዮቴራፒስቷ (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ) ጫማውን አይታ ሳቀች። ታማሚው ቀኑን የሚያሳልፈው በልምምድ ስለሆነ ሰፋ ያለ ቱታ፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ፣ ተረከዝ የሚይዝና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልገዋል። መነጽሩን፣ ለመስማት የሚረዳውን የጆሮ መሣሪያና ሰው ሠራሽ ጥርሱን ደግሞ አትርሱ። ሳያይና ሳይሰማ የተሰጠውን ትእዛዝ ሊከተል አይችልም፤ ሳይሰማ የቀረው ሰው «ግራ ተጋብቷል» ሊባልም ይችላል።

ሁሉን ነገር እኛ መሥራት

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። አባቴ ሸሚዙን ለመልበስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። እኔ በሁለት ደቂቃ አለብሰዋለሁ። «ተወው አባዬ፣ እኔ ላድርገው» እል ነበር፤ ከልቤም ነው። ግን አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው ደጋግሞ በመሞከር ነው። እኔ ባለበስኩት ቁጥር የዚያን ጠዋት ትምህርቱን ነጥቄዋለሁ ማለት ነው። አንድ ዘዴ አስተማሩን፦ ሲለብስ የደከመው እጅ ቀድሞ ይገባል፣ ሲያወልቅ መጨረሻ ይወጣል። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከማልበሱ ይልቅ ዝም ብሎ ማየቱ ይከብዳል።

አደጋ ባለበት ጊዜ ግን ሌላ ነው። ብቻውን እንዳይነሳ ከተባለ ብቻውን አይነሳም። የቱን ራሱ፣ የቱን በእገዛ እንደሚሠራ ባለሙያዎቹን ጠይቁ።

የደከመውን እጅ ይዞ መጎተት

ከአልጋ ስናነሳ እጁን ወይም ብብቱን ይዘን መሳብ ይቀናናል። ጡንቻው ሲላላ ትከሻው ከመጋጠሚያው በቀላሉ ወረድ ይላል፤ ሕመሙም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ማንሳቱን ከፊዚዮቴራፒስቱ ሳትማሩ አትሞክሩ።

በስስት ማጉረስ

ዘመድ ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ያጎርሳል። ከስትሮክ በኋላ ግን መዋጥ የሚያስቸግራቸው ብዙ ናቸው። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉ አስቸጋሪው ውሃ ነው። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይወርድና በአየር ቧንቧ በኩል ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የሳንባ ምችም ሊያመጣ ይችላል። ሁልጊዜም አያስስልም፣ ስለዚህ «ምንም አልሆነም» ብላችሁ አትዘናጉ። አዋዋጡ ሳይመረመር ጉርሻም ጉንጭ ውሃም አይሰጥ።

በሰዓቱም ያለ ሰዓቱም መጠየቅ

በአንዳንድ ማገገሚያ ክፍሎች ልምምዱ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ይደርሳል። በመሃል ያለው እረፍት የሕክምናው አካል ነው። አሥር ሰው አልጋውን ከቦ ሲያወራ ታማሚው ከሰዓት በኋላውን ዝሎ ይውላል። ፕሮግራሙን ጠይቃችሁ በተራ ግቡ።

በእሱ ፈንታ መመለስ

ንግግሩ የተያዘ ሰው አእምሮው ሄዷል ማለት አይደለም። አባቴ «ውሃ» ለማለት ሲታገል እህቴ «ሻይ ነው? ብርድ ልብስ ነው?» እያለች ታጣድፈዋለች። ፊቱን አዞረባት። አጭር ጥያቄ ጠይቁ፣ «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልበት ይሁን፣ ከዚያ ጠብቁ። ዝምታው ይረዝማል፤ ይርዘም።

ካዘነ ደግሞ «አይዞህ፣ በርታ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ከስትሮክ የተረፉ ሰዎች ሲሶው ያህል ድባቴ ያገኛቸዋል፤ ይታከማልም። ልምምድ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላው፣ እንቅልፍ ካጣ ለሐኪሙ ንገሩ። ስንፍና ላይሆን ይችላል።

«መቼ ነው የሚራመደው?» ብሎ መጨቅጨቅ

ማንም ቁርጡን አይነግራችሁም። «የዚህ ሳምንት ግቡ ምንድን ነው?» በሉ፤ መልስ ታገኛላችሁ።

የቤቱን ጉዳይ ለመጨረሻ ቀን መተው

ወደ ቤት የመመለሱ ዝግጅት የሚጀምረው በገባ ሰሞን ነው። ደረጃ አለ? መጸዳጃው ጎን የሚጨበጥ ብረት አለው? ማታ ማን አብሮት ያድራል? ማንሳቱን፣ መድኃኒቱን፣ እጥበቱን እዚያው ሳላችሁ ተለማመዱ፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ይማር፣ አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲተካ። እኛ ሜትር ይዘን የመታጠቢያ ቤቱን በር የለካነው አባቴ ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ከዊልቸሩ በሦስት ጣት ይጠባል።