ድብ ድንኳናችሁ ድረስ እንዳይመጣ

አሜሪካ ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ካምፕ ለምትወጡ። ብዙ ሰው ምግቡን መኪና ውስጥ ይቆልፍና ጥብስ የጠበሰበትን ልብስ እንደለበሰ ድንኳን ገብቶ ይተኛል። የድብ አፍንጫ ደግሞ ለጉድ ነው፣ የቁሌት ሽታ ከሩቅ ይጠራዋል። ስለዚህ ለማብሰያ ብቻ የሚሆን አንድ ሹራብና ሱሪ ያዙ፤ ከመተኛታችሁ በፊት አውልቃችሁ ከምግቡ፣ ከቆሻሻው፣ ከቅባቱና ከጥርስ ሳሙናው ጋር (እሱን ሁሉም ሰው ይረሳዋል፣ ለድብ ግን ምግብ ነው የሚመስለው) መኪና ውስጥ ቆልፉት። መስኮቱንም ዝጉ። ድንኳኑ ውስጥ የሚሸት ነገር ከሌለ ድቡ ወደ እናንተ የሚመጣበት ብዙም ምክንያት አይኖረውም።

ካሊፎርኒያ ያለው ዮሰሚቲ ፓርክ ከሆነ የምትሄዱት ግን ይሄን እንዳታደርጉ! እዚያ ድቦች የመኪና በር ገንጥለው ስለሚገቡ ማታ ምግብ መኪና ውስጥ ማሳደር ክልክል ነው። ካምፑ ውስጥ ያለውን የብረት ሳጥን ተጠቀሙ።