ከየአገሩ የተውጣጣ ቡድን እንዴት ይመራል?

ከቀላሉ እንጀምር፤ ከሰዓትና ከቀን። ህንድ ከግሪንዊች በ5 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ትቀድማለች፣ ኔፓል በ5 ከ45። ሳዑዲ ዓረቢያ የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው። 03/04 ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ አሜሪካዊው ማርች 4፣ እንግሊዛዊው ኤፕሪል 3 ብሎ ያነበዋል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉት። ስብሰባው ሁሌ ለአንድ ወገን ሌሊት ላይ እንዳይወድቅ ሰዓቱን አዟዙሩ።

ቀጥሎ «አዎ»ን መስማት ተማሩ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው።

ቡድን መምራት በጀመርኩ ሰሞን በቪዲዮ ስብሰባ ላይ «እስከ ዓርብ ይደርሳል አይደል?» ብዬ ጠየቅኩ። ቶኪዮ ያለው ባልደረባዬ ትንሽ ዝም አለ። በጥርሱ መሃል አየር ሳብ አደረገና «አዎ» አለ። እኔም «አዎ»ዋን ይዤ እብስ። ዓርብ ሲደርስ ሥራው የለም። ይባስ ብዬ በሰው ሁሉ ፊት «ለምን?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ስብሰባ ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

የጃፓኖቹ «ሃይ» (የእነሱ «አዎ») ብዙ ጊዜ «እየሰማሁ ነው» ማለት እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። «አዎ»ው ሰሙ ነበር፤ ወርቁ ዝምታው ውስጥ ነበር።

ስለዚህ በ«አዎ» ሊመለስ የሚችል ጥያቄ አትጠይቁ። «ምኑ ያስቸግራል?»፣ «ምን ቢቀነስ ይቀላል?» በሉ። ከባድ ጉዳይ ከሆነ ከስብሰባው በፊት እያንዳንዱን ለየብቻ አነጋግሩ። ጃፓኖች ይህን ኔማዋሺ ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው ዛፍ ነቅለው ሌላ ቦታ ከመትከላቸው በፊት ዙሪያውን ቆፍረው ሥሩን ከማዘጋጀት ነው። ጊዜ ይበላል፣ አዎ። ግን ያልደረሰ ሥራም ይበላል።

ይህንኑ ዘዴ ለሁሉም ማድረግ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ኔዘርላንዳዊቷ ባልደረባዬ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድባት «ምን ፈልገህ ነው? በቀጥታ ንገረኝ» አለችኝ። እሷ «ይህ ሐሳብ አይሠራም» ስትል ንቀት የለበትም፤ አትቀየሙ።

የአገሮችን ባህል በነጥብ የሚያወዳድሩ ሰንጠረዦችን በተመለከተ፣ እኔ ብዙም አልወዳቸውም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በተሰበሰቡ የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ሠራተኞች መልሶች ላይ ተነሥቶ ይህን መንገድ ያስፋፋው ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሄርት ሆፍስቴድ ራሱ፣ የአገር ነጥብ ለግለሰብ መለኪያ አይሆንም ብሎ አስጠንቅቋል። እዚያው ቶኪዮ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት «አይሆንም» የምትል ሴት አለች።

እርማት ለብቻ ይሰጥ። ይህ ማብራሪያ አይፈልግም፤ እኔ ግን ያደረግኩትን አይታችኋል።

ያንን ባልደረባዬን ለብቻው ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። በሚቀጥለው ሥራ «ምኑ ያስቸግራል?» ስለው አራት ነገር ዘረዘረልኝ። አንደኛው እኔ የቆረጥኩት ቀን ነበር።