በጠፈር ፊዚክስና በሬዲዮ አስትሮኖሚ የጋራ ምርምር እንዴት ይጀመራል? ለጎጃም ተቋማት የቀረበ አካሄድ

በባሕር ዳር፣ በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ለጠፈር ፊዚክስ የተመቸ ሰማይ አላቸው። ማግኔታዊው የምድር ወገብ፣ ማለትም የምድር ማግኔታዊ መስክ ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆንበት መስመር፣ ኢትዮጵያን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ አተሞች በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሮኖቻቸውን የሚያጡበት የከባቢ አየር ክፍል፣ ማለትም አዮኖስፌር፣ በጎጃም አናት ላይ በብዙው ዓለም የማይታይ ባሕርይ አለው። ይህን ባሕርይ ለማጥናት ግን የአንድ ግቢ መሣሪያ አይበቃም።

ዕቃ ከመግዛት በፊት አንድ ተቋም ብቻውን ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ይመረጥ። ለምሳሌ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአዮኖስፌር ውስጥ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ የጂፒኤስ ምልክት በውስጣቸው ሲያልፍ ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። አረፋዎቹ በማግኔታዊው መስክ አቅጣጫ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተዘርግተው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 100 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወደ ምሥራቅ ይጓዛሉ። አንድ የጂፒኤስ መቀበያ ብቻ ያለው ተመራማሪ አረፋው አልፎ ይሂድ ወይም ባለበት ይክሰም መለየት ያስቸግረዋል። ደብረ ማርቆስ ከእንጅባራ በስተ ምሥራቅ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ፈቀቅ ያለች በመሆኗ፣ ሁለቱ ጣቢያዎች አንዱን ሳተላይት አብረው ከተከታተሉ፣ በእንጅባራ የታየው መዋዠቅ ከ15 ደቂቃ ያህል በኋላ በደብረ ማርቆስ መታየት አለበት። የአረፋው ፍጥነት የሚገኘው ከዚህ ልዩነት ነው፤ ትብብሩም ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ በነፃ የሚገኝ መረጃ ተወስዶ ልምምድ ይደረግበት። በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የጂፒኤስ ጣቢያ ለዓመታት የመዘገበው መረጃ በኢንተርኔት ይገኛል። ሳተላይቶቹ በ1575.42 እና በ1227.60 ሜጋኸርትዝ ያሰራጫሉ፤ አዮኖስፌር ዝቅተኛውን ድግግሞሽ አብልጦ ስለሚያዘገየው፣ ከሁለቱ መዘግየት ልዩነት በመንገዱ ላይ ያለው የኤሌክትሮን ብዛት ይሰላል። የሦስቱ ተቋማት ተማሪዎች የአንድን ቀን ፋይል ወስደው፣ በየፊናቸው አስልተው፣ ውጤታቸውን ያስተያዩ። የማይገጥም ከሆነ ምክንያቱን መፈለግ ከማንኛውም የሥልጠና አዳራሽ የበለጠ ያስተምራል።

ከዚያ የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል። ስለ ወዳጅነት ብቻ የሚያወራ ሰነድ ግን ከመደርደሪያ አይወርድምና፣ አንድ ገጽ አባሪ ይኑረው። ባትሪ የሚቀይረው የትኛው የሥራ ክፍል ነው? ለጥበቃ ሠራተኛው ማን ይከፍላል? መረጃው ለአባላት ወዲያውኑ፣ ለሌሎች ደግሞ ከስንት ወር በኋላ ይለቀቃል? በምርምር ጽሑፍ ላይ የስም ቅደም ተከተል በምን ይወሰናል? እነዚህ ጥያቄዎች ቂም ከመፍጠራቸው በፊት በጽሑፍ መልስ ያግኙ።

በእኛ አገር ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የሰዓት ጉዳይ ነው። መሣሪያው በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ይመዘግባል፤ ኮምፒውተሩ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ይሠራል፤ ቴክኒሻኑ ደግሞ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ጥቅምት 5» ብሎ ይጽፋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኮምፒውተሩ 20:00፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 17:00 ነው፤ የዓለም አቀፉ ቀን የሚለወጠውም እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ሁሉ በዓለም አቀፍ ሰዓትና ቀን ይሰየም፤ ደብተሩ ግን ለአገሩ ሰው በሚቀናው ሰዓት ተጽፎ አጠገቡ ለዓለም አቀፉ ሰዓት ሁለተኛ ዓምድ ይሰመርለት። ቀደም ብሎ በተሰጠው ምሳሌ የአንዱ ጣቢያ ሰዓት በ5 ደቂቃ ቢዛባ፣ 15 ደቂቃው 10 ይሆንና 100 ሜትር በሰከንድ የነበረው ፍጥነት 150 ሆኖ ይወጣል። የሰዓት ስህተት በሰንጠረዥ ላይ እንደ አዲስ ግኝት ሊመስል ይችላል፤ አደጋውም ይኸው ነው።

ለጣቢያው የሚመረጠው ቦታ ሰማዩ በሁሉም አቅጣጫ የተገለጠ ይሁን። የቆርቆሮ ጣሪያ የሳተላይቱን ምልክት ስለሚያንጸባርቅ አንቴናው ከእርሱ ይራቅ። ሬዲዮ አስትሮኖሚ፣ ማለትም ከሰማይ አካላት የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ ማጥናት፣ ለመጨመር የሚፈልግ ተቋም የጁፒተርንና የፀሐይን የሬዲዮ ፍንዳታ በ20.1 ሜጋኸርትዝ በሚቀበል ቀላል አንቴና ሊጀምር ይችላል፤ የሞገዱ ርዝመት 15 ሜትር ገደማ ስለሆነ የዚህ ግማሽ፣ 7 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሽቦና ምሰሶዎች ይበቁታል። ይህ አንቴና ከጂፒኤሱ ይልቅ በአካባቢ ጫጫታ ይታወካል፤ ኢንቨርተር፣ የብየዳ ቤትና ርካሽ አምፖል ሁሉ ያውኩታል። ስለዚህ አንቴናው ከመተከሉ በፊት መቀበያውን ይዞ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ማዳመጥ ግድ ነው፤ ከግቢው ወጣ ያለ የእርሻ ምርምር ማሳ ብዙ ጊዜ ይሻላል። የጎጃም ክረምት መብረቁ ብርቱ በመሆኑ መሬት ውስጥ የሚቀበር የመብረቅ መከላከያ ከበጀቱ መጀመሪያ ይቀመጥ።

ኢንተርኔት በሚቋረጥባቸው ሳምንታት መረጃው በጣቢያው ዲስክ ላይ ይከማች፤ በየወሩ ሦስቱ ቡድኖች አንዱ ዘንድ ተሰብስበው በአንድ ዓይነት ፕሮግራም ይተንትኑት። ሥራው ሲጠነክር በአዲስ አበባ ከሚገኘው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የምሥራቅ አፍሪካ ጽሕፈት ቤት ጋር መገናኘት ወደ ጎረቤት አገሮች በር ይከፍታል።

የጊዜ ሰሌዳው ከሰማዩ ጋር ይግጠም። በእኛ አካባቢ አረፋዎቹ የሚበዙት ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት፣ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ስለሆነ፣ ተከላው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ተጠናቆ ነሐሴ ለሙከራ ይተው፤ የመጀመሪያው የጋራ ምዝገባም ከመስከረም መባቻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባሉት ምሽቶች፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሳይቋረጥ ይካሄድ።