በባሕር ዳር ዋልካ ላይ ግቢ ማንጠፍ፦ ጡቡ ከመምጣቱ በፊት

ሽምብጥ ሰፈር፣ እናቴ ግቢ ያነጠፍኩት ጡብ አንድ ክረምት እንኳ አልዘለቀም። የጨረስኩት ሚያዝያ ላይ ነበር፤ ሲያዩት ያምራል። ነሐሴ ላይ በአሸንዳው በኩል ያለው ጥግ አራት ጣት ሰመጠ፣ እማ ቡና የምታፈላበት ቦታ ላይ ውሃ ተኛ። ጡቦቹን ሳነሳቸው ከስር ያለው አሸዋ ከጥቁሩ ጭቃ ጋር ተቦክቶ እንደ ሊጥ ሆኗል። እጄን ስሰድ እስከ አንጓዬ ገባ። ከጡቡ ግን አንድም አልተሰበረም።

ከዚያ ወዲህ ግቢ ላነጥፍ ነው የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አፈሩ ነው።

ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍሩና የወጣውን አፈር በውሃ አርሱት። በመዳፋችሁ ስታሹት ሳይቆረጥ እንደ ጧፍ ከረዘመ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሚያጣብቅ አፈር ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፣ ጣት እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ከሆነ ሥራው በግማሽ ቀለለላችሁ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የእኔ ጥፋት አንዱ እሱ ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ዋልካው ደርቆ ኩምትር ብሎ ሳለ አነጠፍኩበት፣ ዝናቡ ሲመጣ አበጠብኝ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጭቃ አይጠቀጠቅም። ኅዳርና ታኅሣሥ ጥሩ ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ አፈሩ ገና እርጥበት አለው። ለሐይቁ ቅርብ ከሆናችሁ ጥቅምት ላይ ጉድጓዷን እዩዋት፣ ምክንያቱም ጣና ከፍ የሚለው ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረምና ጥቅምት ገደማ ነው። ውሃ ካቆረች ወደ ታች መቆፈሩን ትታችሁ ወለሉን ከፍ አድርጉት።

ችካል ትከሉ፣ ሲባጎ ወጥሩ። ወለሉ ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ፤ 4 ሜትር ከሆነ 8 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በዓይን አትገምቱ፣ ውሃ የሞላ፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ በቂ ነው። የጉድጓዱ ወለልም ልክ እንደዚያው ይዘቅዝቅ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ግን በጡቡ መሃል የገባው ውሃ ዋልካው ላይ ሲደርስ እሱም መሄጃ ይፈልጋል።

ዋልካ ላይ ወደ 44 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፦ 20 ገረጋንቲ (ጠጠር የተቀላቀለበት ጠንካራ አፈር)፣ 15 ጠጠር፣ 3 አሸዋ፣ 6 ጡቡ ራሱ። ጠንካራ ቀይ አፈር ላይ ገረጋንቲው ይቀራል፣ 24 ይበቃል። በየጠርዙ 20 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ ቆፍሩ፣ የማንጎ ሥር ካገኛችሁ ጎትታችሁ አውጡት፤ ውስጥ ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ይተዋል።

አሁን እኔን ያስከፈለኝ ነገር። ዋልካውንና ገረጋንቲውን የሚለይ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ጂኦቴክስታይል ይሉታል። ውሃ ያሳልፋል፣ ጭቃ ግን ወደ ላይ አያስወጣም። ካጣችሁ የማዳበሪያ ከረጢት ቀድዳችሁ 30 ሳንቲ ሜትር እያደራረባችሁ አንጥፉ። እንደ እሱ አይጠነክርም፣ ግን ከምንም ይሻላል። ላስቲክ ግን በፍጹም! ውሃ ያቁራል።

ገረጋንቲውን በሁለት ዙር፣ 10፣ 10 እያላችሁ ሙሉት። እፍኝ ጨብጡ፤ ሳይንጠባጠብ ከተጣበቀ እርጥበቱ ልክ ነው፣ ከተበተነ ውሃ አርከፍክፉ። ኮምፓክተር (መጠቅጠቂያ ማሽን) ተከራዩ፣ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት አራቴ ይመላለስበት። በእጅ ከሆነ የምትጠቀጥቁት ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ አትሙሉ። ተረከዛችሁን አጥብቃችሁ ምቱበት፣ ምልክት ከተወ ገና ነው። ጠጠሩ የተፈጨ ይሁን፣ 02 ከሚባለው ትልቁ እስከ 00 ከሚባለው ደቃቁ የተደባለቀ፤ ደቃቁ በትልልቁ መሃል ገብቶ ይቆልፈዋል። የወንዝ ድብልብል ጠጠር ይንከባለላል፣ አይያያዝም።

ለ4 በ5 ሜትር ግቢ፣ ጠርዙና ሲጠቀጠቅ የሚቀንሰው ታስቦ፣ 6 ሜትር ኪዩብ ገረጋንቲና 4 ተኩል ሜትር ኪዩብ ጠጠር ያስፈልጋል። አሸዋ 1 ሜትር ኪዩብ ይበቃል።

ጠጠሩ ላይ ረጅም ስታጋ (ቀጥ ያለ ማስተካከያ ዘንግ) አጋድሙ። ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ በጠጠር ሙሉትና እንደገና ጠቅጥቁ። በአሸዋ አስተካክለዋለሁ ማለት ነገ እዚያው ቦታ ላይ ይሰምጣል ማለት ነው። ለአሸዋው ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቧንቧ አጋድማችሁ አሸዋውን በመሃላቸው አፍስሱና በስታጋ ጎትቱ፣ ከዚያ አትርገጡት።

ጠርዙን በኮንክሪት እሰሩ፣ ካልታሰረ ጡቡ እየተንሸራተተ መሃሉ ይከፈታል። የአሸንዳውን ውሃ በቱቦ ከንጣፉ ውጭ አውጡት።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃ የተኛበትን በጠመኔ ክበቡት። ሲደርቅ እነዚያን ጡቦች ብቻ አንስታችሁ ስሩን እዩ፤ ጠጠሩ ከሰመጠ ጠጠር ጨምራችሁ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ አሸዋውን መልሱ።